በንብረት መዝገብ ያልገባችው ራም

ጡረታ ስወጣ ንብረት ያስረከብኩት ለሀያት ነው። ሀያት ከወረኢሉ ተዛውራ የመጣች፣ በሙያው ብዙ የቆየች ጋዜጠኛ ስለሆነች ሥራ ማስተማር አላስፈለገኝም፤ ቆጥሮ ማስረከብ ብቻ ነበር። ጠረጴዛ አንድ፣ ወንበር ሁለት፣ ኮምፒውተር አንድ፣ መቅረጸ ድምፅ አንድ፣ ስፖንጁ የተበላ ማይክሮፎን አንድ። የመጨረሻውን መሳቢያ ስትከፍት ቡናማ ፖስታ አገኘች። በላዩ ላይ በእኔ እጅ ጽሑፍ «ብቻዋን ደኅና ናት። ከሌላ ጋር አታጣምሯት» ይላል።

ጮክ ብላ አነበበችውና ፖስታውን መዳፏ ላይ ገለበጠችው። ከእርሳስ የምታጥር አረንጓዴ የኮምፒውተር ራም፣ ማሽኑ የሚሠራበትን ለጊዜው የምትይዝለት ሰሌዳ፣ ወጣች።

«ጋሼ፣ ይቺ ራም ናት ወይስ ምራት?»

«ራም ናት።»

«መዝገቡ ላይ የለችም። ልጣላት?»

«አትጣያት። ተቀመጪ» አልኳት።

ያን ቀን በአጭሩ የነገርኳትን እዚህ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ዜና ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን እኔም ረስቼዋለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም፤ ጥፋቱ የእኔ ስለነበር።

ሥራ የጀመርኩት ደሴ ነው፣ በካሴት ዘመን። አባቴ በወሎ ቦረና አንድ ደብር መሪጌታ ነበሩ። እኔም ዜማ ቤት ጀምሬ ያቋረጥኩ ልጅ ነኝ። ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ ያገኘሁት መምህር ግን የአባቴ ዓይነት ሰው አልነበረም። ጋሽ ይመር ይባላል፣ የጣቢያው ቴክኒሽያን ነው። ጋዜጠኛ ባይሆንም ጋዜጠኝነትን ያስተማረኝ እሱ ነው ብል አልዋሸሁም።

ኮምፒውተር ሲመጣ ጋሽ ይመር በካሴት የነበረውን ልማድ ወደዚያው አዞረው። አንድ ዕቃ ሊቀይር ሲል የሰውነቱ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ መጀመሪያ እጁን የኮምፒውተሩ ብረት ላይ ያሳርፋል። ከዚያ የሚያወጣትን ራም ጽሑፍ ፊደል በፊደል ያነባል፤ እኔ እጽፋለሁ። የምትገባውንም ያነባል፤ እጽፋለሁ። ሁለቱን መስመር ጎን ለጎን አስቀምጦ በጣቱ እየተከተለ ያስተያያል። የራሟን የነሐስ ጥርሶች በተማሪ ላጲስ ያሻል፣ ፍርፋሪውን እፍ ይላል። ስትገባ ካስቸገረች ወዲያው ይተዋታል። «እምቢ ያለ ዕቃ ይመሰገናል፤ አልስማማም ብሎ ነግሮሃል። የሚያስፈራው እሺ ብሎ የሚገባው ነው» ይል ነበር።

ሁለት ነገር ደግሞ እንደ ሕግ ነበሩት። አዲስ ዕቃ የገባለት ኮምፒውተር አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ሲፈተሽ ይውላል፤ በዚያ ቀን ማንም ሥራ አይሠራበትም። የተገለበጠ ድምፅ ደግሞ ተከፍቶ እስከ መጨረሻው ካልተሰማ ዋናው አይጠፋም። አለቆች ሲነጫነጩበት አይቆጣም። «አብሽሩ፣ ነገ ይደርሳል» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል።

ከደሴ ኩታበር፣ ከኩታበር ወረኢሉ ሠራሁ፤ በመጨረሻ መካነ ሰላም ተመደብኩ። የዜናን ክብደት በአንቀጽ ብዛት የሚለካ አለቃ ነበረኝ፤ ስልክ ላይ ብቻ የማውቀው፣ አንድም ቀን ያላየሁት አለቃም ነበረኝ። ደመወዙ ቤተሰብ አኑሯል፤ ከዚያ በላይ የሚወራለት አይደለም። መካነ ሰላም ላይ ቢሮዬ አንድ ክፍል፣ ባልደረባዬ አንድ ኮምፒውተር ነበር። ያ ኮምፒውተር የአሥር ደቂቃ ድምፅ ከፍቶ አንድ ሳል ቆርጦ ለማውጣት፣ ወጥቼ ምሳ በልቼ እስክመለስ ይፈጅበት ነበር።

ራም እንዲጨመርልኝ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። መልስ አልመጣም። በዚያው ሕንፃ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ኃይል መስጫቸው የተቃጠለ ሁለት ኮምፒውተሮች ኮሪደር ላይ አውጥቶ ነበር፤ ጠይቄ ከየአንዳንዳቸው አንድ አንድ ራም ወሰድኩ። የመጀመሪያዋ አልገባችም። ከታች ያለችው ስንጥቅ ከኮምፒውተሬ መሰኪያ ጋር አልገጥም አለች፤ ትውልዷ የቆየ ነው። ጋሽ ይመር እንዳስተማረኝ ተውኳት። ሁለተኛዋ ቀጭ ብላ ገባች። ጽሑፏን አነበብኩት፤ ከነባሯ ጋር ፍጥነቷም የምትፈልገው የኤሌክትሪክ መጠንም ይለያያል። ይህን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ አሁንም አለ። ኮምፒውተሩ ግን ተነሣ፤ ሁለቱንም ደምሮ እጥፍ ሆኖልሃል አለኝ። ሳሉን ወዲያው ቆረጠልኝ።

ቀኑን ሙሉ መፈተሽ ነበረብኝ። አልፈተሽኩም። በማግስቱ ወደ ቆላው የምወርድበት ጉዳይ ነበረኝ።

ጉዳዩ የአበጋር እርቅ ነበር። ለማያውቅ አንባቢ፣ አበጋር በወሎ ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ ነው፤ ሁለቱም ወገን አምኖ የሚቀመጥለት። በቆላው ባለ አንድ ቀበሌ ኑሩ የሚባል ወጣት በጠብ መሐል ሞቶ ነበር። የመታው ጎረቤቱ ጀማል ነው። ጀማል እስሩን ጨርሶ ቢወጣም አገሩ መግባት አልቻለም፤ የኑሩ እናት የወይዘሮ ጦይባ ወንድም ጠመንጃውን ወልውሎ ይጠብቀው ነበር። እርቁን የያዙት አያ ሰይድ የሚባሉ አበጋር ናቸው።

አያ ሰይድ መቅረጸ ድምፁን ሳወጣ በጎን አዩት።

«ይሄ ምን ያረጋል?»

«ዱዓውን ለሬዲዮ፣ ሌላውን ለማስቀመጥ ነው፣ አባቴ።»

«ዱዓው ይሰማ። የሰዎቹ ቃል ሬዲዮ ላይ እንዳይወጣ። ቃል የሚቀመጥ ሰው ላይ ነው» አሉና ፈቀዱልኝ።

ቃል ሰው ላይ ይቀመጣል ማለታቸው ምሳሌ አልነበረም። አያ ሰይድ በያዙት እርቅ ሁሉ፣ ውሉ ከታሰረ በኋላ ከእያንዳንዱ ወገን ሦስት ሦስት ሰው ይነሣና ቃሉን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይደግመዋል። ስድስት ሰው አንድ ዓይነት ካላለ ማንም ከቦታው አይነቃነቅም። ወረቀት የላቸውም፤ ስድስት አፍ አላቸው።

ያን ቀን የጀማል አባት አያ ሀሰን ተነሥተው ተናገሩ፤ ወይዘሮ ጦይባ መለሱ፤ ውሉ ታሰረ። ሊደገም ሲል ከተራራው በኩል ዝናብ መጣ፤ ወንዙ ሳይሞላ መሻገር ያለባቸው ሰዎች ነበሩ። አንዱ ከኋላ፣ «አቦ፣ ይሄ የጋዜጠኛው ዕቃ ይዞት የለም እንዴ! እንሂድበት» አለ። ሳቅ ሆነ። አያ ሰይድ ግን አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩ።

«ደምሴ፣ ይዞታል?»

«ይዞታል» አልኩ።

ሰው ተነሣ።

ቢሮ ተመልሼ ድምፁን ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጥኩ፤ ዱዓውን ቆርጬ ላክሁ፤ ተላለፈ። ዲስኩ ሊሞላ ስለነበር ሙሉውን ቅጂ ጨምቄ አስቀመጥኩትና፣ መቅረጸ ድምፁን ለነገ ሥራ ባዶ አደረግሁት። የጨመቅሁትን ከፍቼ አልሰማሁም። በሚቀጥሉት ሳምንታት ኮምፒውተሩ አራት አምስት ጊዜ ሰማያዊ መጋረጃ ጥሎብኝ ጠፋ። ሰው ሲጠይቀኝ «መብራት ነው» እላለሁ። መካነ ሰላም ላይ ሁሉም ነገር መብራት ነው፤ ወፍጮ ቢቆም መብራት ነው፣ ደብዳቤ ቢዘገይ መብራት ነው። ሙያዬ ምክንያት ማጣራት ሆኖ፣ አጠገቤ ያለውን አንዱን ሳላጣራ እንደ ጎረቤቶቼ አልኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ጠዋት የወይዘሮ ጦይባ ወንድምና የአያ ሀሰን የወንድም ልጅ አንድ ላይ ሳይሆን በአንድ ሰዓት ልዩነት ቢሮዬ መጡ። አያ ሀሰን በጠና ታመው አንደበታቸው ተዘግቷል። ጀማል አባቱን ሊያይ መምጣት ይፈልጋል። የጀማል ወገን፣ ውሉ ሁለት ክረምት እንዲርቅ ብቻ ነው፣ አልፏል ይላል። የወይዘሮ ጦይባ ወገን ደግሞ፣ እሷ በሕይወት እያለች ዓይኗ እያየ እንዳይገባ ነው የታሰረው ይላል። ወንድሟ ተረጋግቶ ነው የነገረኝ፤ ያስፈራኝም መረጋጋቱ ነው።

«ድምፁን አውጣው፣ ደምሴ። ካለች ብላለች። ካላለች እኔም ጠመንጃዬን እሰቅላለሁ። ሳይሰማ ከገባ ግን ሬሳው ነው የሚወጣ፣ ወላሂ።»

አያ ሰይድ በሦስተኛው ቀን ሁለቱንም ወገን ጠርተዋል። እስከዚያ ድምፁን ይዤ እንድወርድ አሉ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ፋይሉን ከፈትኩ። ተበላሽቷል አለኝ። ደግሜ ከፈትኩ፤ ተበላሽቷል። በተለያየ መንገድ ስሞክር ውዬ የመጀመሪያው አሥራ አንድ ደቂቃ ብቻ ወጣ። ውሉ የታሰረው ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሽ ይመር ጡረታ ወጥቶ ኮምቦልቻ ይኖር ነበር። ደወልኩለት። ሰላምታውን ሳንጨርስ ነገርኩት። አልጮኸም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ምን ጨምረህ ነበር?»

«ምንም።» ወዲያው ግን ታረምኩና፣ «ራም» አልኩ።

«ስንት ቀን ፈተሽካት?»

«አልፈተሽኳትም።» «እሺ» አለና በስልክ እየመራኝ መፈተሽ ጀመርን። መጀመሪያ ሁለቱን አንድ ላይ አስፈተሸኝ፤ ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስሕተት የሚያሳይ ቀይ መስመር በቀይ መስመር ሆነ። ነባሯን ብቻዋን ሌሊቱን ሙሉ አስፈተሸኝ፤ ንጹሕ ናት። በማግስቱ የጨመርኳትን ብቻዋን፤ እሷም ንጹሕ ናት። እኔ የተበላሸችዋን ለይቼ ለመርገም ተዘጋጅቼ ነበር።

«ሁለቱም ደኅና ናቸው እኮ!» አልኩት።

«ደኅና ናቸው። ያንተ ማሽን ላይ አብረው ሲቀመጡ ነው የሚሳሳቱት። ልዩ ልዩ ዓይነት ሆነው ተስማምተው ዓመት የሚሠሩም አሉ፤ አይከለከልም። ግን ሳይፈተሹ መገመት ነው። ፋይል ስትገለብጥ ድምፁ በነሱ በኩል ያልፋል። እዚያ ላይ አንድ ነጥብ ከተዛባ የተዛባውን ነው ዲስኩ ላይ የሚጽፍልህ፤ አይነግርህም ደግሞ። አንተ የመሪጌታ ልጅ አይደለህ? አንዱ በቤተልሔም ዜማ ሌላው በአጫብር ዜማ ቢቆሙ ምን ይሆናል?»

«ተስማምተው በአንዱ ካልሄዱ ማሕሌቱ ይፈርሳል።»

«ማሕሌቱ ሲፈርስ ግን ይሰማል» አለ ጋሽ ይመር። «ይሄ አይሰማም።»

ከዚያ ምን ልበላቸው ብዬ ጠየቅሁት። «የሌለህን መጀመሪያ ተናገር። ያለህን ቀጥለህ። ሁለቱን አታምታታ» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን በጭነት መኪና ወረድኩ። መቅረጸ ድምፁ ውስጥ አሥራ አንዱ ደቂቃ አለ፤ ኪሴ ውስጥ የዚያን ቀን ማስታወሻዬ አለ። ማስታወሻው ላይ ወይዘሮ ጦይባ ሲመልሱ የጻፍኩት «ጦይባ መለሰች፣ ረዘም ያለ፣ ከድምፁ ይወሰድ» የሚል ብቻ ነው።

ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ጦይባ ከሴቶቹ ጋር ናቸው። ዱዓ ተደረገ፤ አሚን ተባለ። አያ ሰይድ «በል ደምሴ» አሉኝ። ቆምኩ።

«የውሉ ድምፅ የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ኮምፒውተሬ ላይ ሳልፈትሽ ዕቃ ጨምሬ ድምፁ ተበላሸ፤ መበላሸቱንም ሳላይ ዋናውን አጠፋሁ። ያን ቀን ይዞታል ያልኳችሁ ሳላረጋግጥ ነው።»

ከዚያ የወይዘሮ ጦይባ ወንድም ተነሣ።

«ማነው ያስጠፋህ? እነሱ ስንት ጊዜ ቢሮህ መጡ?»

«አንዴ። አንተም አንዴ መጥተሃል።»

ከወዲያ ማዶ ደግሞ፣ «የራሷ ዘመዶች ናቸው ያስጠፉት! ያላለችውን አለች ሊሉ!» ተባለ። አያ ሰይድ ዘንጋቸውን መሬት ላይ አንዴ መቱ፤ ጸጥ አለ።

«ድምፁ ከሌለ ያንተ ጆሮ አለ። ምን ሰማህ?»

እውነቱን ለመናገር፣ ወይዘሮ ጦይባ «ዓይኔ እያየ» ሲሉ የሰማሁ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ያን ቃል በዚያው ሳምንት ከወንድማቸው አፍ ሰምቼዋለሁ፤ «ሁለት ክረምት» የሚለውንም ከሌላው ወገን። አንድ ቃል ብናገር በዚያ ቃል ሰው ይሞታል ወይም ይድናል።

«አባቴ፣ ሰዎቹ ቢሮዬ ሳይመጡ በፊት ብትጠይቁኝ ምናልባት እመልስ ነበር። አሁን የራሴ ትዝታ የቱ እንደሆነ፣ ከነሱ የሰማሁት የቱ እንደሆነ መለየት አልችልም። ምስክር አልሆንም።»

«ያለህስ?»

«ከመጀመሪያው አሥራ አንድ ደቂቃ አለኝ። አያ ሀሰን ሲናገሩ ነው። ውሉ የለበትም።»

«ይሰማ።»

ከፈትኩት። መጀመሪያ ዱዓው፣ ከዚያ ነፋስ፣ ከዚያ የአያ ሀሰን ድምፅ መጣ፤ ዛሬ አልጋ ላይ ዝም ብለው የተኙት ሰው ድምፅ። «ጦይባ፣ ኑሩ ከልጄ ጋር ካንድ ገበታ በልቶ ነው ያደገ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቤቴ ውስጥ ስሙን የሚጠራ ጠፋ። ሚስቴ አትጠራውም፣ እኔም አልጠራውም፤ እየፈራን። አንቺ ፊት ልጥራው። ኑሩ። ያው ጠራሁት። አሁን የምትይኝን በይኝ።» እዚያ ላይ ድምፁ ተቆረጠ።

ሁሉም ወደ ወይዘሮ ጦይባ ዞረ። እሳቸው እኔን ነው ያዩት።

«ድገመው» አሉኝ።

ደገምኩት።

«አሁን አይናገርም አሉ?»

«አይናገሩም፣ እታለም» አለ ከወዲያ ማዶ የአያ ሀሰን የወንድም ልጅ። «በዓይናቸው ብቻ ነው።»

ወይዘሮ ጦይባ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ያን ቀን፣ በሕይወት እያለሁ ዓይኔ እያየ አይግባ ብያለሁ። ወንድሜ አልዋሸም። ሁለት ክረምት ያሉትም ከራሳቸው አላመጡትም፤ ሁለት ክረምት ይራቅ ያሉ አያ ሰይድ ናቸው፣ እኔ ጨመርኩበት፤ ዝናቡ መጥቶ ግማሹ ተነሥቶ ነበር።» ወንድማቸው ሊናገር ሲል በእጃቸው አስቀመጡት። «ተው። የሞተው የኔ ልጅ ነው፣ የምናገረው እኔ ነኝ። ዛሬ ሌላ ነው የምለው። አባቱን ይይ። በላይኛው መንገድ ይግባ፣ በላይኛው መንገድ ይውጣ። ደጄን አይርገጥ።»

ደመና አልነበረም፤ ቢኖርም የሚነቃነቅ ሰው አልነበረም። አያ ሰይድ ከወዲህ ሦስት፣ ከወዲያ ሦስት አስነሡ። የመጀመሪያው ተነሺ የወይዘሮ ጦይባ ወንድም እንዲሆን አደረጉ። ጥርሱን ነክሶ ቃሏን አለው፤ ግን ሳይጨምር ሳይቀንስ አለው። ስድስቱም አሉት። መቅረጸ ድምፁን ላጠፋው እጄን ስሰድ አያ ሰይድ አዩኝ።

«እሱን ተወውና አንተም ተነሥ። ሰባተኛ ሁን።»

ቆሜ አልኩት። በሥራ ዘመኔ ስንት ሺህ ዓረፍተ ነገር አንብቤ እንደሆነ አላውቅም፤ እንደዚያ የከበደኝ ግን የለም።

ጀማል በላይኛው መንገድ ገባ። አባቱን አየ፣ ቀበረ፣ በላይኛው መንገድ ወጣ። ይህን ራሴ ሄጄ አጣርቻለሁ። እኔ ደግሞ ራሟን አውጥቼ ፖስታ ውስጥ አስገባሁ፤ ብቻዋን ጥፋት ስለሌለባት አልጣልኳትም።

ይህን ለሀያት ስጨርስ፣ ራሟን ወደ ፖስታው መልሳ መሳቢያውን ዘጋች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሣች።

«ቃሉ ምን ነበር ያሉኝ፣ ጋሼ?»

«አትጻፊው» አልኳት። «በይው።»

«አባቱን ይይ። በላይኛው መንገድ ይግባ፤ ደጄን አይርገጥ።»

«በላይኛው መንገድ ይውጣ የሚለውን ዘለልሽ። እንደገና።»

እስክሪብቶውን አስቀምጣ እንደገና አለችው፤ አንድም አልቀነሰች። ከዚያ የርክክቡን ወረቀት ፈረምንበት።